ከወረቀቱ ግርጌ ያለችው መስመር

ወረቀቱ የሚሰጥዎት አብዛኛውን ጊዜ በታሸገ ፖስታ ነው። ፖስታው ለሐኪሙ የተጻፈ ቢሆንም ከላብራቶሪው በር እስከ ታክሲው ድረስ ሳይከፍተው የሚደርስ ቤተሰብ ጥቂት ነው። እህትዎ፣ እናትዎ ወይም ባለቤትዎ ጡቷ ላይ ጠጠር ያለ እብጠት አግኝታ፣ ናሙና ተወስዶላት፣ ቤቱ ሁሉ እንቅልፍ ካጣ በኋላ የመጣ ወረቀት ነውና ማን ይታገሳል? ይከፍቱታል። ጽሑፉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው። ዓይንዎ «ካንሰር» ወይም ያንኑ የሚያመለክተውን «ካርሲኖማ» የሚለውን ቃል ይፈልጋል። ካገኘው በኋላ የቀረውን አያነብም። ወረቀቱ ይታጠፋል፣ ስልክ ይደወላል፣ ለቅሶው ይጀመራል።

ይህ ጽሑፍ ሳይነበብ ስለሚቀረው ክፍል ነው። በተለይም ከወረቀቱ ግርጌ አካባቢ ስለምትገኝ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ስለማትኖር አንዲት መስመር። በመስመሯ ላይ ኤች፣ ኢ እና አር የተባሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተጽፈው ከጎናቸው ቁጥር 2 አለ። ሐኪሞቹ «ኸር-ቱ» እያሉ ይጠሯታል። እስከ እ.ኤ.አ. 1998 ድረስ ከዚህች መስመር ጎን «ፖዘቲቭ» የሚል ቃል መገኘቱ በመጥፎ ዜና ላይ ሌላ መጥፎ ዜና ነበር። ዛሬ ያው ቃል «ለዚህ ዕጢ ተለይቶ የተሠራ መድኃኒት አለ» ማለት ሆኗል። መስመሯ ባዶ ከሆነች ግን ያንን መድኃኒት ማንም አያዝልዎትም። ስለዚህ ትርጉሟን ማወቅ ለሐኪሙ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም።

ደወሉና ቤቱ

እስቲ የግቢዎን በር ያስቡ። እንግዳ ሲመጣ ደወሉን ይጫናል። እንግዳው ገና ሳሎን አልገባም፤ ጣቱ የነካችው ከውጭ ያለችውን ቁልፍ ብቻ ነው። ሆኖም በግድግዳው ውስጥ በተቀበረው ሽቦ ጥሪው ቤት ይደርሳል። አንዱ ይነሳል፣ ለሌላው ይነግራል፣ ወንበር ይስተካከላል፣ ጀበናው ይጣዳል። አንዲት ጣት ከውጭ ስለነካች መላው ቤት ሥራ ጀመረ።

የሰውነታችን ህዋሳት፣ በተለምዶ ሴል የምንላቸው፣ የሚነጋገሩት በዚሁ መንገድ ነው። እያንዳንዱ ህዋስ በስስ የቅባት ግድግዳ የታጠረ ነው። በግድግዳው ላይ ተሰክተው የቆሙ ፕሮቲኖች አሉ፤ አናታቸው ወደ ውጭ፣ ጅራታቸው ወደ ውስጥ ነው። ተቀባይ ይባላሉ። የእድገት ፋክተር የተባለ ትንሽ ፕሮቲን፣ እኛ መልእክተኛ እንበለው፣ መጥቶ አናታቸው ላይ ሲያርፍ ሁለት ተቀባዮች ተጠጋግተው ይጣመራሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ያለው ጅራታቸው ይነቃል፤ አንዱ በሌላው ጅራት ላይ የፎስፌት ምልክት ይለጥፋል። ምልክቱን ያየ ሌላ ፕሮቲን ይነሳል፣ እሱም ቀጣዩን ይቀሰቅሳል። መልእክቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ዘረ-መሎች እስከሚገኙበት የህዋሱ እምብርት ይደርሳል። ትእዛዙ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፦ እደግ፣ ተከፈል።

ልጅዎ ከብስክሌት ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ከቆሰለው ቦታ መልእክተኞች ይለቀቃሉ፤ በዙሪያው ያሉት የቆዳ ህዋሳት ደወሉ ይደርሳቸውና መከፋፈል ይጀምራሉ። ቁስሉ ሲገጥም ሥራው ይቆማል። መቆሙም በራሱ ሥራ ነው። ደወሉ የተጫነበት ተቀባይ ወደ ህዋሱ ውስጥ ተስቦ ይገባና ይፈርሳል፤ ጥሪው ከሚገባው በላይ እንዳይጮኽ ማለት ነው። ጤነኛ ሰውነት ይህን ሁሉ እኛ ቡና ስንጠጣ፣ ስንተኛ፣ ስንጨቃጨቅ ያለማቋረጥ ያከናውነዋል። በሽታ የሚጀምረው ደወሉ ማንም ሳይነካው መጮኽ ሲጀምር፣ ወይም ተጭኖም ሰሚ ሲያጣ ነው።

ዓይናቸውን ቀድመው የገለጡ አይጦች

ይህ እውቀት የተገኘው መድኃኒት ሲፈለግ አልነበረም። ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ጣሊያናዊት ሐኪምና ተመራማሪ ነበሩ። የሙሶሊኒ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1938 ባወጣው የዘር ሕግ ምክንያት አይሁዳዊ በመሆናቸው ከዩኒቨርሲቲ ተባረሩ። ቤታቸው ተቀምጠው ግን ምርምሩን አልተዉም፤ በመኝታ ክፍላቸው ትንሽ ላብራቶሪ አቋቁመው በዶሮ እንቁላል ውስጥ የሚያድገውን ጽንስ ነርቮች ያጠኑ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሄዱ። እዚያም ከአይጥ ዕጢ የተወሰደ ቁራጭ በዶሮ ጽንስ ላይ ሲተከል ነርቮቹ ወደ ዕጢው አቅጣጫ እንደ ሐረግ እየተንሰራፉ ሲያድጉ ተመለከቱ። ዕጢው የሆነ ነገር እያመነጨ ነርቮቹን «እደጉ» እያላቸው ነበር።

ያንን ነገር ለይቶ ለማውጣት አብሯቸው የሠራው የኬሚስትሪው ሰው ስታንሊ ኮኸን ነበር። ኮኸን ከአይጥ የምራቅ ዕጢ ያወጣውን ቅምር ገና የተወለዱ የአይጥ ግልገሎችን ሲወጋቸው እንግዳ ነገር አየ። በሁለት ሳምንት ገደማ መገለጥ የነበረበት ዓይናቸው በሰባት ቀን ተገለጠ። ጥርሳቸውም ቀድሞ ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን የሙከራ ስህተት ነው ብሎ ያልፈው ይሆናል። ኮኸን ግን ተከታተለው፤ የቆዳ ህዋሳትን የሚያሳድግ መልእክተኛም አገኘ። በኋላ ደግሞ መልእክቱን የሚቀበለውን ተቀባይ አጠና። እ.ኤ.አ. በ1986 ሁለቱ የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። ሌቪ-ሞንታልቺኒ ከዚያ በኋላም ረጅም ዕድሜ ኖረው በ103 ዓመታቸው አረፉ።

እጇን ዘርግታ የምትጠብቀው እህት

ኮኸን ያጠናው ተቀባይ ሦስት እህቶች እንዳሉት ከጊዜ በኋላ ታወቀ። ኸር-ቱ ከእነሱ አንዷ ናት። ከአራቱ እሷን የሚለያት የራሷ የሆነ መልእክተኛ አለመኖሩ ነው። አናቷ ሁልጊዜ ለመጣመር ተዘጋጅቶ ይቆማል፤ ሌላዋ እህት መልእክት ሲደርሳት አብራ የምትነሳው ብዙ ጊዜ እሷ ናት። በጤነኛ ህዋስ ላይ ቁጥሯ ውስን ስለሆነ ይህ ምንም ችግር የለውም።

ችግሩ የሚመጣው ኸር-ቱን የሚያሠራው ዘረ-መል በስህተት ሲባዛ ነው። ይህ ዘረ-መል በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል፤ ከእናትና ከአባት አንዳንድ፣ በድምሩ ሁለት ቅጂ አለን። በአንዳንድ የጡት ካንሰር ህዋሳት ውስጥ ግን ቅጂው አሥር፣ ሃያና ከዚያም በላይ ሆኖ ይገኛል። በጤነኛ የጡት ህዋስ ላይ 20 ሺህ ገደማ የነበሩት ተቀባዮች በእነዚህ ህዋሳት ላይ እስከ 2 ሚሊዮን ሊደርሱ ይችላሉ። አስቡት፤ በአንድ ግድግዳ ላይ መቶ እጥፍ ደወል ተሰክቷል። እርስ በርስ እየተጋጩ ማንም ሳይጫናቸው ይጮኻሉ። ቤቱ ቀንም ሌሊትም ድግስ ላይ ነው።

ይህን ከሴቶች ሕይወት ጋር ያገናኘው የሁለት ሰዎች መተዋወቅ ነው። ጀርመናዊው አክሰል ኡልሪክ በካሊፎርኒያ በሚገኘው ጄኔንቴክ ኩባንያ ውስጥ የኸር-ቱን ዘረ-መል ለይተው ካወጡት አንዱ ነበር፤ ከየትኛው በሽታ ጋር እንደሚያያዝ ግን አላወቀም። ዴኒስ ስላሞን ደግሞ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የካንሰር ሐኪም ሲሆን ከቀዶ ሕክምና የተገኙ ዕጢዎችን በፍሪዘር ያጠራቅም ነበር። አንዱ ዘረ-መሉ አለው፣ ሌላው ዕጢዎቹ አሉት። ኡልሪክ ዩኒቨርሲቲው መጥቶ ስለ ሥራው ባቀረበበት ጊዜ ተገናኙና ለመመርመር ተስማሙ።

እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት 189 የጡት ዕጢዎችን አይተው ነበር። በ30 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ዘረ-መሉ ተባዝቷል። ከዚያ ወዲህ በብዙ ሴቶች ላይ ሲታይ ቁጥሩ ከ15 እስከ 20 በመቶ አካባቢ ሆኗል። የሚያስደነግጠው ሌላው ግኝት ነበር፦ ዘረ-መሉ የተባዛባቸው ሴቶች በሽታው ቶሎ ይመለስባቸዋል፤ ዕድሜያቸውም ያጥራል። ሁለት ሴቶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሆስፒታል፣ በመጠን እኩል የሆነ ዕጢ ወጥቶላቸው አንዷ ልጆቿን ስትድር ሌላዋ በሁለት ዓመት የምትሞትበት ምክንያት ለዘመናት «የእግዜር ሥራ» ከመባል በቀር መልስ አልነበረውም። አሁን ቢያንስ የአንዱ መልስ ተገኘ።

ደወሉን የሚሸፍን እጅ

ስላሞን ከዚህ የደረሰበት ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ደወሉ ከውጭ የሚታይ ከሆነ ከውጭ ሊሸፈን ይችላል። ጄኔንቴክ ውስጥ ተመራማሪዎቹ ከኸር-ቱ አናት ጋር የሚገጥም ፀረ-አካል በአይጥ ሠሩ። የአይጥ ፕሮቲን በሰው ደም ውስጥ እንደ ባዕድ ስለሚባረር የሚይዝበትን ጫፍ ብቻ አስቀርተው ሌላውን አካሉን ወደ ሰው ፕሮቲን ለወጡት። ትራስቱዙማብ ተባለ፤ የገበያ ስሙ ሄርሴፕቲን ነው። ከተቀባዩ አናት ላይ ተለጥፎ ጥሪውን ያፍናል፤ በተጨማሪም የሰውነት መከላከያ ህዋሳት መጥተው ያንን ህዋስ እንዲያጠቁ ምልክት ይሆናቸዋል።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ኩባንያው በካንሰር መድኃኒት ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ ያመነታባቸው ዓመታት ነበሩ። ስላሞን ሥራውን ያስቀጠለው በከፊል ከመዋቢያ ዕቃ አምራቹ ሬቭሎን ባገኘው የገንዘብ ድጋፍ ነው። ከንፈራችንን የምንቀባበት ቀለም ከዚህ ታሪክ ጋር ይገናኛል ብሎ ማን ይገምታል!

ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል በተሰራጨባቸው 469 ሴቶች ላይ በተደረገው ዋናው ሙከራ ከኬሞቴራፒ ጋር ትራስቱዙማብ ያገኙት ኬሞቴራፒ ብቻ ካገኙት የበለጠ ኖሩ፤ አማካዩ ከ20.3 ወር ወደ 25.1 ወር ከፍ አለ። አምስት ወር ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ለአንዲት እናት ግን የልጅ ምረቃ ወይም የልጅ ልጅ ክርስትና ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1998 ፈቀደው። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በሽታው ሳይሰራጭ በጊዜ ለተደረሰባቸው ሴቶች ከቀዶ ሕክምና በኋላ መድኃኒቱ ሲሰጥ ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። በጊዜ መድረስ የሚባለው ነገር እዚህ ጋ ክብደቱ ይታያል፤ ያው መድኃኒት ዘግይቶ ለመጣ ሰው ወራት ይጨምራል፣ ቀድሞ ለመጣ ሰው ደግሞ በሽታው እንዳይመለስ ሊያደርግ ይችላል። የጡት እብጠት መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ብዙዎችን ያዘናጋቸውም ይህ አለማመሙ ነው።

የበርና የደወሉ ነገር በጡት አያበቃም። በየቤታችን ያለው ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የዚሁ ዘመድ ነው፤ የኢንሱሊን ተቀባይ የተሠራው በተመሳሳይ ንድፍ ሲሆን ኢንሱሊን ደወሉን ይጫናል፣ ከውስጥ ግን ሰሚው ደክሟል። በአንዳንድ የሳንባ ካንሰር ደግሞ ኮኸን ያጠናው ተቀባይ ራሱ ተበላሽቶ ይገኛል፤ ለእሱም የሚዋጥ ክኒን አለ። አኮንድሮፕላሲያ የተባለው፣ ክንድና እግርን የሚያሳጥረው የአጥንት እድገት ችግር የሚመጣውም በአንድ የእድገት ተቀባይ ዘረ-መል ላይ አንዲት ፊደል ስትቀየር ነው። ከዚህ ችግር ጋር ከሚወለዱት ልጆች አብዛኞቹ ወላጆቻቸው መደበኛ ቁመት ያላቸው ናቸው፤ ለውጡ አዲስ ነው። እናትየው በእርግዝናዋ ጊዜ የበላችው ወይም ያየችው ነገር ያመጣው አይደለም። ጎረቤት እንዲህ ሲል ከሰሙ ይህን ቢነግሩት ለእናትየው ትልቅ ዕረፍት ነው።

ናሙናው በእጅዎ ሲሰጥ

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ፤ ከወረቀቱ በፊት ደግሞ ወደ ብልቃጡ። እኛ ጋ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የወጣው ናሙና ለቤተሰብ ተሰጥቶ «ላብራቶሪ አድርሱ» መባሉ የተለመደ ነው። ያን ጊዜ የእህትዎ ዕድል በእጅዎ የያዙት ዕቃ ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የኸር-ቱ ምርመራ የሚያየው ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲን ደግሞ እንደ ሥጋ ይበላሻል። ናሙናው ከሰውነት በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ በቂ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት፤ በፎርማሊኑ ውስጥ የሚቆይበትም ጊዜ ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ እንዲሆን ይመከራል። ውሃ ውስጥ ወይም ባዶ ዕቃ ውስጥ ያደረ፣ ቤት ፍሪጅ ውስጥ «እንዳይበላሽ» ተብሎ የተቀመጠ ናሙና የተሳሳተ መልስ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ብልቃጡን ሲቀበሉ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ፎርማሊን ነው ወይ? የወጣበት ቀንና ሰዓት ተጽፎበታል ወይ? ቅዳሜ ከሰዓት ተቀብለው እስከ ሰኞ ቤት ማሳደር አይገባም፤ በዚያው ቀን የሚቀበልዎትን ቦታ አስቀድመው ይወቁ።

ላብራቶሪው ናሙናውን በሰም ያቅፈዋል፣ በጣም በስሱ ይቆርጠዋል፣ ከዚያም ኸር-ቱን ብቻ የሚለይ ቀለም ይቀባዋል። ተቀባዮቹ በጣም ከበዙ በእያንዳንዱ ህዋስ ዙሪያ እንደ ተቆላ ቡና የጠቆረ ቀለበት ይታያል። ውጤቱ በቁጥር ይጻፋል። 3 ፕላስ ማለት ፖዘቲቭ ነው። 0 እና 1 ፕላስ በተለምዶ ኔጌቲቭ ይባላሉ። 2 ፕላስ ግን «አልታወቀም» ማለት ስለሆነ የዘረ-መሉን ቅጂ የሚቆጥር፣ ፊሽ የሚባል ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ 2 ፕላስን እንደ መጨረሻ ውጤት ወስዶ ይተወዋል። ከ2022 ወዲህ ደግሞ በሽታው ለተሰራጨባቸው ሴቶች 1 ፕላስ የሚለውም ትርጉም አግኝቷል፤ ኬሞቴራፒን በፀረ-አካሉ ላይ አሳፍሮ እስከ ህዋሱ የሚያደርስ አዲስ መድኃኒት ለእነሱም እንደሚጠቅም ታይቷልና። ቁጥሩ ራሱ እንዲጻፍልዎት ይጠይቁ፤ «ኔጌቲቭ» የሚለው ቃል ብቻውን በቂ አይደለም።

በዚያው ወረቀት ላይ የኤስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ተቀባይ የሚሉ ሌሎች ሁለት መስመሮች ይኖራሉ። እነዚህ ደወሎች ያሉት ከግድግዳው ላይ ሳይሆን ከህዋሱ ውስጥ ነው፤ የሚሰሙትም የሴት ሆርሞንን ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በታከሙ ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዕጢዎች የኤስትሮጅን ተቀባይ ነበራቸው። ለእነሱ ታሞክሲፈን የሚባል፣ ዋጋው ብዙም የማይከብድ፣ በየቀኑ ቤት ውስጥ የሚዋጥ ክኒን ለዓመታት ይታዘዛል። ሦስቱም መስመሮች ኔጌቲቭ የሆኑበት ዕጢ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። «የጡት ካንሰር» የሚለው አንድ ስም በውስጡ የተለያዩ በሽታዎችን ይዟል የሚባለው ለዚህ ነው። የጎረቤትን መድኃኒት መዋስ የማይሠራውም ለዚሁ ነው።

ሻንጣ ውስጥ የሚመጣው መድኃኒት

ትራስቱዙማብ በአብዛኛው በየሦስት ሳምንቱ ለአንድ ዓመት የሚሰጥ ሲሆን ዋጋው ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ በ2019 መጨረሻ ደግሞ በሌላ አምራች የተሠራውንና ባዮሲሚላር የሚባለውን ተመሳሳዩን ለመጀመሪያ ጊዜ አጽድቋል። ባዮሲሚላር «ርካሽ ቅጂ» ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ ከዋናው ጋር ተነጻጽሮ የተፈተነ ነው። ሐኪምዎ እሱን ካዘዘ አይሸማቀቁ።

ሌላው መንገዳችን የታወቀ ነው፤ አሜሪካ ወይም አረብ አገር ያለ ዘመድ «እኔ እልካለሁ» ይላል። ፍቅሩ ትልቅ ነው፤ አደጋውም እንዲሁ። ይህ መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ብቻ የሚጓጓዝ ነው። በሻንጣ ውስጥ ሲሞቅ፣ ወይም ከበረዶ ጋር ተጣብቆ ሲደርቅ ይበላሻል፤ መበላሸቱ ደግሞ በዓይን ላይታይ ይችላል። ስሙም ያሳስታል። «ትራስቱዙማብ» ብሎ የሚጀምር ግን ከኋላው ሌላ ቃል የተቀጠለበት ሌላ መድኃኒት አለ፤ ኬሞቴራፒ የተሸከመ ስለሆነ መጠኑ ፈጽሞ የተለየ ነው። አንዱ በሌላው ቢተካ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ዘመድዎ ከመግዛቱ በፊት የሐኪሙን ማዘዣ ፎቶ ይላኩለት፤ በቅዝቃዜ የሚያደርስ ፈቃድ ያለው አስመጪ መኖሩንም ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ያጣሩ። ገንዘቡን ቢልክ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከመጀመሪያው መርፌ በፊት የልብ አልትራሳውንድ፣ ኢኮ የሚባለው፣ ይታዘዛል። «ጡቷን ታማ ልቧን ምን አደረጋት?» ብለው ገንዘቡን ለመቆጠብ አይዝለሉት። የልብ ጡንቻ ህዋሳትም ራሳቸውን ለመጠገን ኸር-ቱን ይጠቀማሉ፤ የጡቱን ደወል የሚያፍነው መድኃኒት የልቡንም ይነካል። በአንዳንድ ሴቶች ላይ የልብ የመርጨት አቅም ይቀንሳል። በጊዜ ከታየና መድኃኒቱ ከቆመ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ስለዚህ ምርመራው በየሦስት ወሩ ገደማ ይደገማል። ደረጃ ስትወጣ ካለከለከች፣ እግሯ ካበጠ፣ ጋደም ስትል መተንፈስ ካቃታት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዷት። አገራችን ውስጥ ይህ በሽታ ገና መውለድ በሚችሉ ወጣት ሴቶችም ላይ በብዛት ስለሚታይ አንድ ነገር እንጨምር፦ በሕክምናው ጊዜና ካበቃ በኋላ ለሰባት ወር እርግዝና መከላከል ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ ጽንሱን ይጎዳል።

ብዙ እናቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ለልጄ አወርሳታለሁ?» የኸር-ቱ መባዛት የተከሰተው በዕጢው ህዋሳት ውስጥ ብቻ ነው። በእንቁላል ወደ ልጅ የሚሄድ ለውጥ አይደለም፤ ልጅዎ ደም ውስጥም አይገኝም። በቤተሰብ የሚወረስ የጡት ካንሰር አለ፤ እሱ ግን የሌሎች ዘረ-መሎች ጉዳይ ነው። እናት፣ አክስት፣ እህት እየተከታተሉ በወጣትነታቸው ታመው ከሆነ ለሐኪሙ ለብቻው መነገር አለበት። የኸር-ቱ መስመር ስለዚያ ምንም አትናገርም።

ኦፕሬሽኑ ካለፈ ቆይቶ፣ ወረቀቱ ላይ ግን መስመሯ ከሌለች ነገሩ አብቅቷል ብለው አይተዉት። በሰም የታቀፈው ናሙና፣ ብሎክ የሚሉት፣ በላብራቶሪው መደርደሪያ ላይ ለዓመታት ይቀመጣል፤ አዲስ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልግም ከእሱ ላይ ተቆርጦ ሊመረመር ይችላል። ምርመራው በሁሉም ቦታ ስለማይገኝ ብሎኩን ተቀብለው ወደ ሌላ ላብራቶሪ መውሰድ ሊኖርብዎት ይችላል፤ የታካሚዋ ነውና ሲጠይቁ አይፈሩ። ፈልገው የሚያወጡት በናሙና ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከወረቀቱ አናት ከስሟ አጠገብ ይጻፋል። ዛሬውኑ ፎቶ አንስተው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡት፤ አንዱን ቅጂ ደግሞ ለሚያምኑት የቤተሰብ አባል ይላኩ።